ሳውዝሃምፕተን 9 ለ 0 ብቻ አይደለችም

የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል። ጊዜ ያላችሁ አንብቡት፣ የሌላችሁ ሴቭ አድርጉትና ማታ ቡና ላይ ተመለሱበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ከአንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ኢንቦክስ መልእክት መጣልኝ። ጊኒር ያስተማርኳት ልጅ ናት። አሁን እንግሊዝ አገር፣ ሳውዝሃምፕተን የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ውስጥ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ትሠራለች። መልእክቷን ሳሳጥረው እንዲህ ይላል፦ «ቲቸር፣ ከገባሁ ሰባት ወሬ ነው። ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ ነው። ነፋሱና ዝናቡ አይጣል ነው። ከተማው መርከብና ሱቅ ብቻ ነው። እኛን የሚያውቅ ሰውም ነገርም የለም። አንተ ታሪክ አስተማሪ ስለሆንክ ልጠይቅህ፣ እዚህ ምን የሚታይ ነገር አለ?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወዲያው የምመልሰው ነገር አልነበረኝም። ስለ ሳውዝሃምፕተን የማውቀው እናንተ የምታውቁትን ነው። ኳስ! እ.ኤ.አ. በ2019 በሌስተር 9 ለ 0፣ በ2021 ደግሞ በማንቸስተር ዩናይትድ እንደገና 9 ለ 0። የዩናይትድ ደጋፊዎች ያን ቀን ያደረጉንን አልረሳም። ሌላ የማውቀው ነገር ቢኖር ጋሬዝ ቤል በ16 ዓመቱ ለዋናው ቡድን መጫወት የጀመረው እዚያ መሆኑን ነው። ስሙ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ከባሌ ጋር ፊደሉ አንድ ስለሆነ ክፍል ውስጥ «ቲቸር፣ የኛ ልጅ ነው እኮ!» እያላችሁ ታስቁኝ የነበረውን ታስታውሳላችሁ።

የልጅቷ ጥያቄ ግን አላስተኛኝም። ምክንያቱም ሌላ ጥያቄ አስታወሰኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የጣሊያንን ወረራ ሳስተምር አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ንጉሡ እንግሊዝ አገር ሲሰደዱ በየትኛው ወደብ ወረዱ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም «እሱ ፈተና ላይ አይመጣም» ብዬ አለፍኩት። ክፍሉ ሳቀ። ልጁም እጁን አወረደ። ዛሬ መልሱን አውቄዋለሁ። ወደቡ ሳውዝሃምፕተን ነው። የኔ ተማሪ በየቀኑ የምትመላለስበት ከተማ! «እኛን የሚያውቅ ነገር የለም» ያለችው ከተማ!

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ለእሷም ለዚያ ልጅም ነው የጻፍኩት። በዚያው እናንተም አንብቡት።

እስቲ ከከተማዋ አቀማመጥ እንጀምር። ሳውዝሃምፕተን በእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ፣ ቴስት እና ኢችን በሚባሉ ሁለት ወንዞች መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2021 በተደረገው ቆጠራ ወደ 249 ሺህ ሕዝብ ነበራት። የባሕር ዳር ከተማ ሲባል አሸዋ ላይ መተኛት፣ ፀሐይ መሞቅ የሚመስለው አለ። ይህቺኛዋ እንደዚያ አይደለችም። ወደብ ናት። ባሕሩ እንደ ክንድ ሆኖ ወደ መሬት ውስጥ ገብቶላታል፣ ከፊት ለፊቷ ደግሞ ዋይት የሚባል ደሴት አለ፣ ከትልቁ ባሕር ማዕበል ይከልላታል። ሌላም የተፈጥሮ ስጦታ አላት። ባሕር እንደምታውቁት በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሳውዝሃምፕተን ላይ ግን ውኃው አንዴ ከሞላ ቶሎ አይጎድልም፣ ለሰዓታት ሞልቶ ይቆያል። ትልልቅ መርከቦች ታች መሬት ሳይነኩ ለመግባትና ለመውጣት ሰፊ ጊዜ ያገኛሉ ማለት ነው። ከተማዋን ከተማ ያደረጋት ይሄ ነው።

ተማሪዬ፣ መጀመሪያ ወደ መሐል ከተማ ሂጂና ባርጌት የሚባለውን የድንጋይ በር እዪ። ከ800 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በሰሜን በኩል የከተማዋ መግቢያ ነበር። ከዚያ ወደ ምዕራብ ስትሄጂ የድሮውን የከተማ ግንብ ታገኚዋለሽ፣ ግማሽ ያህሉ እስካሁን ቆሟል። ሐረር ሄዳችሁ ጀጎልን ያያችሁ ምን እንደምል ይገባችኋል። የጀጎልም የሳውዝሃምፕተንም ግንብ የተሠራው ለጌጥ አይደለም፣ ሰው ስለፈራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1338 የፈረንሳይና የጄኖዋ ወራሪዎች በመርከብ መጥተው ከተማዋን ዘርፈው አቃጠሏት። በባሕሩ በኩል ግንብ አልነበራትም። ነጋዴዎቹ ዕቃ በቀላሉ ለማውረድ ክፍት ትተውት ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ዙሪያዋን የዘጉት። ባሕር ሀብት የሚገባበት በር ነው፣ ጠላትም የሚገባው በዚያው በር ነው። ይህን ከምፅዋ ታሪክ እኛም እናውቀዋለን።

ቀጥሎ ወደ ወደቡ ውረጂ። ሜይፍላወር የሚባለውን መናፈሻ ታገኚያለሽ። ስሙ የመርከብ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1620 ሜይፍላወር እና ስፒድዌል የሚባሉ ሁለት መርከቦች ወደ አሜሪካ ሊሄዱ ከዚህ ተነሡ። ከተሳፋሪዎቹ ብዙዎቹ በሃይማኖታቸው ምክንያት የተሰደዱ ነበሩ። ስፒድዌል ውኃ እያስገባች ስላስቸገረች ወደ ሌላ ወደብ ጎራ አሉ፣ በመጨረሻ ሜይፍላወር ብቻዋን ከፕሊመዝ ሄደች። ዝናውንም ፕሊመዝ ወሰደችው! ሳውዝሃምፕተን ግን «መነሻው ከኔ ነው» ብላ ሐውልት አቁማለች። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ። አንድ ከተማ ባለቤት ሆኖ ታሪኩን ካልጠየቀ ሌላው ይወስደዋል።

አሁን ሁላችሁም ወደምታውቁት ታሪክ፣ ወደ ታይታኒክ እንምጣ። ፊልሙን ያላየ የለም። እኔ ያየሁት ሮቤ ተማሪ ሳለሁ በቪዲዮ ቤት ነው፣ ከፋይ ብዙ ስለነበር ቆሜ። ታይታኒክ የተነሣችው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 10 ቀን 1912 ከሳውዝሃምፕተን ነው። ከአምስት ቀን በኋላ ሰጠመች፣ ከ1500 ሰው በላይ አለቀ።

ፊልሙ ያልነገረን ነገር አለ። ከሞቱት ውስጥ ከ500 በላይ የሚሆኑት ሳውዝሃምፕተን የሚኖሩ ነበሩ። አብዛኞቹ ደግሞ ሀብታም ተሳፋሪዎች ሳይሆኑ ሠራተኞች ናቸው፦ ከታች እሳት ውስጥ ከሰል የሚያካፍሉ፣ ወጥ ቤት የሚሠሩ፣ ክፍል የሚያጸዱ፣ ምግብ የሚያቀርቡ። በዚያ ሰሞን በአገሪቱ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች አድማ ስለነበር መርከቦች ቆመው ብዙ ሰው ሥራ ፈትቶ ከርሟል። ታይታኒክ ሠራተኛ ስትቀጥር እንደ ዕድል ነው የተሻሙት። ዕድል ያሉት ነገር ይዟቸው ሄደ። በአንዳንድ መንደር በርካታ ቤት በአንድ ጊዜ ሐዘን ተቀመጠ።

ተማሪዬ፣ ሲሲቲ የሚባለው ሙዚየም ስለዚህ ይናገራል። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2012፣ መርከቧ በሰጠመች በመቶኛ ዓመት ነው። በመናፈሻው ደግሞ ለመርከቧ መሐንዲሶች በ1914 የቆመ ሐውልት አለ። ሁሉም መሐንዲሶች ሞተዋል። መርከቧ እየሰጠመች መብራቱ እንዳይጠፋ ታች ሲሠሩ ነበር። አንቺም ሌሎች ተኝተው ሳለ የሌሊት ተራ የምትሠሪ ሰው ስለሆንሽ ይህን ሐውልት ከማንም በላይ የምትረጂው ይመስለኛል።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ።

1928 ዓ.ም። የጣሊያን አውሮፕላኖች የሰናፍጭ ጋዝ ከላይ እየረጩ ነው። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ ጦራችን ተሸነፈ። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ ወጡ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 27፣ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ከጅቡቲ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ሃይፋ ሄዱ፣ ከዚያ ኢየሩሳሌም ሰነበቱ። ከሃይፋ እንደገና በሌላ የእንግሊዝ የጦር መርከብ እስከ ጂብራልታር ደረሱ።

ጂብራልታር ላይ ግን ከጦር መርከቡ አወረዷቸው። ኦርፎርድ ወደምትባል ተራ የመንገደኞች መርከብ እንዲዛወሩ ተደረገ። ለምን? በጦር መርከብ እንግሊዝ ከገቡ መንግሥት በክብር መቀበል ይኖርበታል። በክብር ከተቀበላቸው ደግሞ ሙሶሊኒ ይቆጣል። እንደማንኛውም መንገደኛ ቲኬት ይዘው ከገቡ ግን ነገሩ ሁሉ «የግል ጉብኝት» ይሆናል። ፖለቲካ ማለት ይሄ ነው።

እንዲህ ሆነው ግንቦት 26 ቀን 1928 ዓ.ም፣ በእነሱ አቆጣጠር ጁን 3 ቀን 1936፣ ሳውዝሃምፕተን ወደብ ወረዱ። ታይታኒክ ከተነሣችበት ወደብ! ከዚያ በባቡር ወደ ሎንዶን ሄዱ። መንግሥት ፊቱን ቢያዞርም ዋተርሉ ጣቢያ ላይ ብዙ ሕዝብ ወጥቶ ነው የተቀበላቸው። ይህንንም አንርሳ፣ መንግሥትና ሕዝብ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። በወሩ መጨረሻ፣ ሰኔ 23 ቀን፣ ጄኔቭ ሄደው ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ያን የታወቀውን ንግግር አደረጉ። ነገሩ የኢትዮጵያ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የትናንሽ አገሮች ሁሉ ጉዳይ መሆኑን ተናገሩ። ሰሚ ግን አልተገኘም። እንግሊዝ ራሷ በ1938 እ.ኤ.አ. የጣሊያንን ወረራ እውቅና ሰጠች።

በዚያ ስደት አባታቸውን ተከትለው እንግሊዝ ከገቡት አንዷ ልዕልት ፀሐይ ናቸው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ነበሩ። ቁጭ ብለው አላለቀሱም። ሎንዶን የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው ነርስነት ተማሩ፣ የእንግሊዝ ሕመምተኞችን አስታመሙ። አገር ነፃ ሲወጣ ተመልሰው ሥራ ጀመሩ፣ ግን በ1934 ዓ.ም ወለጋ ሳሉ በወሊድ ምክንያት አረፉ። በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ነው። ተማሪዬ፣ አየሽ? የሰው አገር ሽማግሌ ስታጥቢ፣ መድኃኒት ስትሰጪ፣ ከአንቺ በፊት በዚያ መንገድ የሄደች የአገርሽ ልጅ አለች። ንጉሥ የወለዳት ናት፣ ሥራውን ግን አልናቀችውም።

አሁን አንዳንዶቻችሁ ኮመንት ላይ ምን እንደምትሉኝ አውቃለሁ። «ቲቸር፣ አንተ ባሌ ተቀምጠህ ስለ ኃይለ ሥላሴ ትጽፋለህ? አባቶቻችን ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም ጫካ ገብተው የተዋጉት ከማን ጋር ሆነና?» ልክ ናችሁ። በጄኔራል ዋቆ ጉቱ የተመራው ትግል እዚሁ መሬት ላይ የተካሄደ ነው፣ በመሬትና በግብር ምክንያት የደረሰውን በደል ሽማግሌዎቻችን ዛሬም ይናገራሉ። እኔ ንጉሡን ላወድስ አልተነሣሁም። ጄኔቭ ላይ ስለ ፍትሕ የተናገረ መንግሥት ቤቱ ሲመለስ ባሌን እንዴት እንዳስተዳደረ መጠየቅ የታሪክ ተማሪ ግዴታ ነው። ሁለቱንም አብሮ መያዝ ነው ታሪክ ማለት። አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል ካድሬነት ነው።

ደግሞም የዚያ ስደት ታሪክ ሌላኛው ግማሽ ያለው እዚሁ እኛ ጋ ነው። ንጉሡ ሳውዝሃምፕተን ሲወርዱ የባሌ ገዥ ደጃዝማች በየነ መርዕድ ነበሩ። የንጉሡ ልጅ የልዕልት ሮማነወርቅ ባል ናቸው። አማቻቸው ባሕር ሲሻገሩ እሳቸው አልተሻገሩም። በደቡብ ከራስ ደስታ ዳምጠው ጋር ሆነው መዋጋታቸውን ቀጠሉ። በየካቲት 1929 ዓ.ም፣ አዲስ አበባ ላይ ግራዚያኒ ሕዝብ በሚያስፈጅበት በዚያው ሰሞን፣ ተማርከው ተገደሉ። ራስ ደስታም ከቀናት በኋላ ተገደሉ። ልዕልት ሮማነወርቅ ከልጆቻቸው ጋር ተይዘው ወደ ጣሊያን ተወሰዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1940 ቱሪን ከተማ እስር ላይ ሳሉ ሞቱ።

እንግዲህ አስቡት። አንድ ቤተሰብ ነው። አባት በአንድ ባሕር ዳር ወረዱ፣ ልጅ በሌላ ባሕር በኩል ታስረው ሄዱ፣ አማች በደጋው ቀሩ። ከደጃዝማች በየነ ጋር የዘመቱት የባሌ ገበሬዎችስ? የሁሉም ስም የት ተጻፈ? ሳውዝሃምፕተን ለታይታኒክ ከሰል አካፋቾች ሳይቀር መታሰቢያ አላት። እኛስ?

ወደ ከተማዋ ልመለስ። ንጉሡ ከመውረዳቸው ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ ማርች 5 ቀን 1936፣ ከሳውዝሃምፕተን አጠገብ ካለ ሜዳ አንዲት አዲስ የጦር አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሣች። ስፒትፋየር ትባላለች። የነደፋት ሬጂናልድ ሚቸል የሚባል መሐንዲስ ነው፣ ፋብሪካውም እዚያው ከተማ ውስጥ ዉልስተን የሚባል ሰፈር ነበር። ሜዳው ዛሬ የከተማዋ አየር ማረፊያ ነው፣ ምናልባት ተማሪዬ አንድ ቀን ወደ አገር ስትመጣ ከዚያ ትነሣ ይሆናል። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ስታሰሉት የካቲት 26 ቀን 1928 ይመጣል። ማይጨው ሊደርስ አንድ ወር እንኳ አልቀረውም። እኛ ላይ ጋዝ ሲዘንብ እነሱ ለራሳቸው ሰማይ መከታ እየሠሩ ነበር። ቂም ይዤ አይደለም የምለው፣ ቀኖቹን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የገረመኝን ነው።

ያ መከታም ሙሉ በሙሉ አላዳናቸውም። በመስከረም 1940 እ.ኤ.አ. የጀርመን አውሮፕላኖች ፋብሪካውን ደበደቡት። ሥራው ተበትኖ በጋራዥ፣ በልብስ ማጠቢያ ቤት፣ በአውቶቡስ ማቆሚያ ሳይቀር አውሮፕላን መገጣጠም ቀጠሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ መጀመሪያ ደግሞ መሐል ከተማውን አቃጠሉት። ሆሊሩድ የሚባለው የጥንት ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው ወድቆ ግድግዳው ቀረ። ዛሬም አልጠገኑትም፣ እንደፈረሰ ትተው ባሕር ላይ ለሞቱ የንግድ መርከብ ሠራተኞች መታሰቢያ አድርገውታል። ተማሪዬ፣ እዚያ ሄደሽ ትንሽ ቁሚ። በ1936 ከዚያ ወደብ የወረደው ሰው «ይህ ነገር እኛ ላይ አይቆምም» ብሎ ለዓለም ከነገረ ከአራት ዓመት ተኩል ባነሰ ጊዜ ነው ከተማዋ የነደደችው።

እሳቸውን የጫነችው ኦርፎርድም አልተረፈችም። በዚያው በ1940 ፈረንሳይ አገር ማርሴይ አጠገብ በጀርመን ቦምብ ተመትታ ተቃጠለች።

አንድ ቅዳሜ ዕረፍት ካገኘሽ ደግሞ ከወደቡ ጀልባ ተሳፈሪ። ዋይት ደሴት ላይ ኢስት ካውዝ ወደሚባል ቦታ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። እዚያ ኦዝበርን የሚባል የንግሥት ቪክቶሪያ ቤተ መንግሥት አለ፣ ለጎብኚ ክፍት ነው። ሕዝቡ የሚሄደው የንግሥቲቱን አልጋና የሕንድ ጌጥ ያለበትን አዳራሽ ለማየት ነው። አንቺ ግን ሌላ ነገር አስቢ።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ገደሉ። የሰባት ዓመት ልጃቸውን ልዑል ዓለማየሁን እንግሊዞች ይዘውት ሄዱ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ ሞቱ። ከሦስት ወር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1868፣ ያ ሕፃን ኦዝበርን ቤት ውስጥ በንግሥቲቱ ፊት ቆመ። ሞግዚት ሆኖ የያዘው የእኛ ሰዎች ባሻ ፈለቀ የሚሉት ካፒቴን ስፒዲ ነበር። በዚያው ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ዝነኛ ፎቶግራፍ አንሺ ፎቶ አነሳችው። ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል፣ ያ ዓይኑ የሚያሳዝን ልጅ። ንግሥቲቱ ወደደችው ይባላል። ፍቅር ግን እናትን አይተካም፣ አገርንም አይተካም። ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ሲያንከራትቱት አድጎ ኅዳር 14 ቀን 1879 እ.ኤ.አ. በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ሞተ። ዊንዘር ተቀበረ። ኢትዮጵያ አጽሙን ብትጠይቅም የሌሎችን መቃብር ሳንነካ ማውጣት አንችልም አሉ፣ ይህን በ2023 በዜና ሰምታችኋል። በዚያው ዓመት የፀጉሩ ዘለላ ብቻ ተመለሰ።

ከዚያው ከመቅደላ አንድ ሌላ ሕፃንም ተወስዶ ነበር። ወርቅነህ ይባላል። የእንግሊዝ መኮንኖች አግኝተውት ወደ ሕንድ ወሰዱት፣ ቻርልስ ማርቲን ተባለ፣ አድጎ ሐኪም ሆነ። ከብዙ ዓመት በኋላ አገሩንና ቤተሰቡን አገኘ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ማለት እሳቸው ናቸው። ንጉሡ በ1928 ሳውዝሃምፕተን ሲወርዱ ሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ለአገራቸው ሲሟገቱ የነበሩት እኚሁ ሰው ናቸው። ሁለት ሕፃናት ከአንድ አምባ ተወሰዱ። አንዱ ሳይመለስ ቀረ፣ ሌላው የአገሩ አፍ ሆነ። ለምን እንደተለያየ አላውቅም፤ ግን አንዱ ከየት እንደመጣ የሚነግረው ሰው አገኘ። ያ ትንሽ ነገር አይመስለኝም።

ለዚህ ነው ያቺ መልእክት እንቅልፍ የነሳችኝ። «እኛን የሚያውቅ ነገር የለም» ብላ ያሰበች ልጅ ከየት እንደመጣች የሚነግራት ሰው አላገኘችም ማለት ነው። ያ ሰው ደግሞ እኔ መሆን ነበረብኝ። አሥረኛ ክፍል ላይ፣ ጠመኔ ይዤ፣ ያ ልጅ እጁን ሲያወጣ። «ፈተና ላይ አይመጣም» አልኩት። ፈተናው እንዲህ ሆኖ እንደሚመጣ ማን ያውቃል?

ይህን ሁሉ ጽፌ ላኩላት። ከሦስት ቀን በኋላ ከፈረሰው ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ፎቶ ተነሥታ ላከችልኝ። ዝናብ ነው፣ ጃኬቷ እስከ አፍንጫዋ ተዘግቷል። ከሥሩ «ቲቸር፣ ዛሬ ከተማው ትንሽ አወቀኝ» ብላ ጽፋለች። ደሴቱን ለሚመጣው ወር ቀጥራዋለች።

አሁን የቤት ሥራ ለእናንተ። ጊኒር ባሕር የላትም። ውኃችን ግን ባሕር ያውቃል፦ ወይብ ሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ገብቶ ይወጣና ወርዶ ወርዶ ዶሎ ላይ ከገናሌና ከዳዋ ተገናኝቶ ጁባ ይሆናል፣ ከዚያ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። ታሪካችንም እንደዚያው ነው፣ ሩቅ ይደርሳል። ምንጩን ግን ማንም መጥቶ አይጽፍልንም። ሜይፍላወርን አስታውሱ፣ ባለቤቱ ካልጠየቀ ሌላው ይወስደዋል።

ጊኒር፣ ጎባ፣ ሮቤ፣ ጎሮ፣ ያላችሁበት ሁሉ፣ በጣሊያን ጊዜ የሆነውን ከአባቶቻቸው የሰሙ አያቶች ያሏችሁ፣ ስልካችሁን አውጡና ድምፃቸውን ቅዱ። ከደጃዝማች በየነ ጋር ማን ዘመተ? ማን ተመለሰ? ማን ሳይመለስ ቀረ? በኋላስ በዋቆ ጉቱ ጊዜ? በኦሮምኛም በአማርኛም ይሁን፣ እነሱ በሚቀናቸው ቋንቋ። ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። በሚቀጥለው ዓመት እነሱን ላናገኝ እንችላለን። የቀዳችሁትን ኢንቦክስ ላኩልኝ፣ እኔ እየጻፍኩ አስቀምጣለሁ። ትምህርት ቤት ውስጥም ከልጆቹ ጋር ልንሠራበት እንችላለን።

ያ «በየትኛው ወደብ ወረዱ?» ብሎ የጠየቀኝ ልጅ፣ ይህን ካነበብክ እባክህ ጻፍልኝ። መልሱ ሳውዝሃምፕተን ነው። ስለዘገየሁ ይቅርታ።

መልካም ምሽት ለሁላችሁም።